ቅዳሜ 7 ሰዓት ተኩል፦ ደሴ ላይ የሰፈር የባሃኢ የልጆች ክፍል እንዴት እንደሚዘልቅ

የልጆች ክፍል መጀመር ቀላል ነው። ሰሌን አንጥፎ፣ ከለር ገዝቶ «ልጆች ኑ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ ልጅ ቤቱን ይሞላዋል፤ በር ላይ የጫማ ክምር ይታያል። ከባዱ አራተኛው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን አምስት ልጅ ይመጣል፣ ከአምስቱም አንዷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ። ብዙ ክፍል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪው ጥፋቱን ትምህርቱ ውስጥ ይፈልጋል፤ ዜማ ይቀይራል፣ ጨዋታ ይጨምራል፣ ብስኩት ይገዛል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ውጭ ነው፤ ወላጅ ቤት ሄዶ ያልተጠጣው ቡና ነው።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልበል። ባሃኢ ባሃኡላህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ሃይማኖት ነው። ክፍሉ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን በሰፈር ቤት የሚሰጥ የመንፈሳዊ ጠባይ ትምህርት ነው። ክፍያ የለውም፤ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ይገባል። ባሃኢዎች ቄስም ሼህም ስለሌላቸው የሚያስተምረው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊም፣ የኮሌጅ ተማሪም፣ የቤት እመቤትም ይሆናል። አስተማሪው የሚዘጋጀው ኮሎምቢያ ውስጥ በተጀመረው የሩሂ ተቋም ተከታታይ መጻሕፍት ሲሆን፣ 1ኛውንና 2ኛውን አጥንቶ 3ኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ደረጃ ያስተምራል። በዚያ መጽሐፍ 24 ትምህርቶች አሉ። ንጹሕ ልብ፣ ፍትሕ፣ ፍቅር፣ እውነተኛነት፣ ልግስና እያለ እያንዳንዱ ትምህርት አንድ ጠባይ ይይዛል፤ በየትምህርቱም ጸሎት፣ ዜማ፣ በቃል የሚያዝ ጥቅስ፣ ታሪክ፣ ጨዋታና ቀለም መቀባት ይገኛል። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ወደ ታዳጊ ወጣቶች ቡድን ይሻገራል።

ወላጅ ቤት

ልጅ ከመጠራቱ በፊት ወላጅ ይጠየቃል። መንገድ ላይ ቆሞ ሳይሆን ቤት ተገብቶ፣ መጽሐፉ በእጅ ተይዞ ነው የሚጠየቀው። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «እትዬ፣ እኛ ባሃኢዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት አለን። በቃላቸው የሚያጠኑት ከባሃኢ መጻሕፍት ነው፤ እውነት ስለመናገር፣ ስለ ደግነት፣ ስለ ፍትሕ ነው። ልጁን ሃይማኖትህን ተው አንለውም። መጽሐፉ ይኸው፣ ይዩት። በሩ ክፍት ነው፤ በፈለጉ ቀን መጥተው መቀመጥ ይችላሉ።»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የባሃኢን ስም መደበቅ ነው። «የሥነ ምግባር ትምህርት ነው» ብሎ ማለፍ ለጊዜው ይቀላል፤ ሰውም ቶሎ እሺ ይላል። በሦስተኛው ወር ግን ልጁ እራት ላይ «ባሃኡላህ እንዲህ ብለዋል» ይላል፣ አባት ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል። በማግስቱ ወሬው በየቡናው ይዞራል፤ «ልጆቻችንን ሊያስለውጡብን ነው» ይባላል። የሚቀረው የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለም፤ አምስትና ስድስት ልጅ በአንድ ቀን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚነገር እውነት ሁሉ ማስተባበያ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ስሙ ይነገር። እምቢ የሚል ወላጅ ካለም በመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢል ይሻላል።

ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተ ዘመድ ሙስሊምም ክርስቲያንም መኖሩ የተለመደ ነው። አብሮ መብላትና አብሮ ማልቀስ የሰፈሩ ሕግ ስለሆነ የአስተማሪው ሥራ ይቀላል፤ ያ አብሮነት በጥንቃቄ የቆመ ስለሆነ ደግሞ ሥራው ይከብዳል። ወላጅ ከጠየቀ መልሱ ግልጽ ነው፦ ባሃኢዎች በአንድ አምላክ ያምናሉ፣ ሙሴን፣ ኢየሱስንና ነቢዩ መሐመድን ከእግዚአብሔር የተላኩ ናቸው ብለው ይቀበላሉ። ካልጠየቀ ክርክር አይከፈትም። አባት «አይሆንም» ካለ «እሺ ጋሼ» ይባልና ሰላምታው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ያልተፈቀደለት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተደብቆ ቢመጣ አስተማሪው ራሱ እጁን ይዞ ቤቱ ያደርሰዋል። ያንን ያየ ወላጅ ኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ ባይለውጥም በአስተማሪው ላይ ያለው እምነት ሳይጠፋ ይቆያል።

ፈቃድ አንዴ ተገኘ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የእያንዳንዱ ልጅ ቤት በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይጎበኝ። ስሌቱ ከቡናው የመጣ ነው። ደሴ ላይ እንግዳ ሆኖ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሳት ነውር ስለሆነ ቶናውም በረካውም ይጠበቃል፤ በአንድ ምሽት ከሁለት ቤት በላይ አይሆንም። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሁለት ቤት፣ አሥር ልጅ ሲባል አምስት ሳምንት ይመጣል። «በአንድ ቀን አምስት ቤት አዳርሳለሁ» የሚል አስተማሪ አምስት እናት ያስቀይማል። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙ እናት ሰኞ ገበያ ውላ ደክማ ትገባለች፤ በዚያ ምሽት አይኬድም። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ካለች ፈረቃዋ ቀድሞ ይጠየቅ።

በጉብኝቱ የልጁ ሥዕልና ያጠናው ጥቅስ ይወሰዳል። ስለ ልጁ አንድ ጥሩ ነገር፣ በዓይን የታየና ከነቀኑ የሚነገር ነገር ይነገራል። «ጎበዝ ነው» አይበቃም፤ «ባለፈው ቅዳሜ ቀዩን ከለር ሳይጨርስ ለታናሿ ልጅ ሰጣት» ይባል። ክስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች አይነሳም፤ ከተነሳ ልጁ ማታ ይገረፋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም አይመጣም። ከዚያ ወላጅ ይጠየቃል፦ «ቤት ውስጥስ ምን አያችሁ?» ለትምህርቱ ትልቁ ጥሬ ዕቃ ከዚህ ጥያቄ ይገኛል። እናት «ከእህቱ ጋር ይጣላል» ካለች በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ፍቅር ሲነገር ምሳሌው ከወንድምና ከእህት ይመረጣል፤ የማንም ስም ሳይነሳ።

ሰዓት፣ ቤት፣ ዕቃ

ቅዳሜ ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 9 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ ደሴ ላይ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይመቻል። ጠዋት የሙስሊም ልጆች ቁርአን ቤት ናቸው፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ የክርስቲያኖቹ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በ7 ሰዓት ተኩል ምሳ ተበልቷል፣ የዐስር ሶላትም ገና ነው። ሰዓቱ አንዴ ከተቆረጠ አይነካ። «ዛሬ ጉዳይ ስላለ 9 ሰዓት ይሁን» ማለት ለአስተማሪው ቀላል ነው፤ ለልጁ ግን በተዘጋ በር ፊት ቆሞ መመለስ ነው። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ልጅ ሦስተኛውን አይሞክርም።

የጾም ወራት ዕቅድ ይፈልጋሉ። የባሃኢዎች ጾም ከየካቲት መጨረሻ ሳምንት ጀምሮ 19 ቀን የሚቆይ ሲሆን፣ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ በሚውለው የናውሩዝ (የባሃኢ አዲስ ዓመት) በዓል ይፈታል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳን፣ ዐቢይ ጾምና ይህ ጾም ተደራርበው ነበር፤ አስተማሪውም ሙስሊሙ ጎረቤትም ክርስቲያኑም በአንድ ሰሞን ጾመኞች ነበሩ ማለት ነው። የባሃኢ ጾም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይመለከትም፤ ሆኖም ዘጠኝና አሥር ዓመት የሞላቸው ሙስሊም ልጆች ረመዳንን መለማመድ ስለሚወዱ በዚያ ወር ክፍሉ ውስጥ ምግብ አይቀርብም። በሩጫ ፋንታ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ ይመረጣል። የሚጾም አስተማሪም ጉሮሮው ስለሚደርቅ ዜማውን ለረዳቱ ይስጥ፤ በደረቅ ጉሮሮ ጮሆ ማዜም ድምፅን ይዘጋል።

ስለ መክሰስ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፦ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ሌላ ምንም። ሥጋ ነክ ነገር ፈጽሞ አይገባም፤ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የሚለየው እዚህ ነው፣ አንድ ሳምቡሳ ክፍሉን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። ብዙ ብስኩት ወተት ስላለበት በጾም ወቅት ለክርስቲያን ልጆች አይሆንም። ቆሎ ለሁሉም፣ ከረመዳን በቀር በሁሉም ወቅት ይሆናል፤ ለአሥር ልጅ ሁለት ትልቅ ኩባያ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ ታናሾቻቸው አብረው ከመጡ ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎም ለውዝም አይሰጥም፣ ያንቀዋልና፤ ለእሱ ዳቦ ይቆረስለታል። መክሰሱ በመጨረሻ ይሁን። መጀመሪያ ከተሰጠ ግማሹ በልቶ ይወጣል።

ቤቱ ትልቅ መሆን የለበትም። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለአሥር ልጅ ይበቃል፤ ከአሥራ አምስት ካለፉ ግን ክፍሉን ለሁለት መክፈል ግድ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ቁጥር አንድ ሰው እያንዳንዱን ልጅ ጥቅሱን ማስባል አይችልም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ባዶ ሲሚንቶ ላይ ልጅ አይቀመጥም፤ ሰሌን ከታች፣ አጎዛ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ ይደረጋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጭቃው ይገባል፤ በር ላይ የተቀደደ ማዳበሪያ ማንጠፍና አንድ ባልዲ ውኃ ማስቀመጥ የባለቤቷን ትዕግሥት ያድናል። ቤቷን የሰጠች እናት ከተሰላቸች ክፍሉ ቦታ አጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከመውጣት በፊት ልጆቹ ራሳቸው ይጥረጉ፣ ሰሌኑንም ይጠቅልሉ። ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ስለሆነች ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ስለሚግል የዛፍ ጥላ ያለው ግቢ ይሻላል።

ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ክፍል የለም። አስተማሪው ድንኳኑ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከድንኳን አጠገብ የልጆች ዜማና ጭብጨባ ቢሰማ የሦስት ዓመት ጉርብትና በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። መቅረቱ ግን በየቤቱ ይነገር።

ዕቃው ትንሽ ነው። ባለ 12 ከለር ሦስት ፓኮ፣ ሦስት የቲማቲም ጣሳ፣ አንድ ደስጣ ልሙጥ ወረቀት፣ አንድ መዝገብ፣ የጨርቅ ኳስ። ከለሩ ከነፓኮው ከተሰጠ ፓኮውን የያዘው ልጅ ንጉሥ ይሆናል። ከፓኮው ይውጣና በጣሳ ይቀመጥ፤ ለአራት ልጅ አንድ ጣሳ። ቀዩና ሰማያዊው ቀድመው ያልቃሉ፤ እነሱን ለሁለት ሰብሮ ማስገባት ጠብ ያስቀራል። ፎቶ ኮፒ ከሌለ ወይም መብራት ከሄደ በካርቦን ወረቀት ሦስት ሦስት ቅጂ በእጅ ይሣላል። ወረቀቱ ለሁለት ይታጠፍ፤ ትንሽ ልጅ ሙሉውን ገጽ ቀብቶ መጨረስ ስለማይችል ሳይጨርስ ተበሳጭቶ ይወጣል።

ሰማንያ ደቂቃው

ጸሎትና ጸሎት ማጥናት 10 ደቂቃ፣ ዜማ 10፣ ጥቅስ 15፣ ታሪክ 10፣ ጨዋታ 15፣ ቀለም 15፣ መዝጊያ 5። ይህ ወረቀት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ግን ጸጥ ብሎ መቀመጥን ለመልመድ የሚሄዱ ናቸው። ጸሎቱ ላይ አንድ ልጅ ይስቃል፣ ሁሉም ይከተላል። ያኔ መቆጣት ሳቁን ያበዛዋል። አስተማሪው ዝም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይ፤ ዝምታው ሲረዝም ሳቁ ይበርዳል። መጀመሪያ ከሚያጠኗቸው ጸሎቶች አንዱ የባሃኡላህ ልጅ የአብዱል ባሃ አጭር ጸሎት ነው፤ እግዚአብሔር እንዲመራኝ፣ እንዲጠብቀኝ፣ የሚያበራ መብራትና ደማቅ ኮከብ እንዲያደርገኝ የሚለምን። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ኩራዝ ወይም ሻማ ያየ ልጅ ትርጉሙን ሳይነገረው ያውቀዋል።

«መዝሙር» ከሚለው ቃል «ዜማ» የሚለው ይሻላል፤ የመጀመሪያውን የሙስሊም እናቶች የቤተ ክርስቲያን ብቻ አድርገው ይሰሙታል። በተመሳሳይ ምክንያት ከመንዙማም ሆነ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ አይወሰድ፤ ቃሉን ቀይሮ ዜማውን መያዝ ለሁለቱም ቤት ድፍረት ነው። ወሎ ግን የቅኝት አገር ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ከመሆናቸውም በላይ የአካባቢው አገሮች ስም ናቸው፤ ትዝታና አንቺ ሆዬም እዚሁ ናቸው። ክራር የሚነካ ወጣት ካለ አጭር ጥቅስ በባቲ ቢያዜምላቸው ልጆቹ በአንድ ቅዳሜ ይይዙታል። ድምፁ ከእነሱ ከፍታ ይነሳ፤ ጎልማሳ ወንድ በራሱ ወፍራም ድምፅ ከጀመረ ልጆቹ ይጮኻሉ እንጂ አያዜሙም።

አሁን ወደ ጥቅሱ ልምጣ፤ ብዙ የምለው ያለኝ እዚህ ነው። የደሴ ልጅ በቃል መያዝ አያቅተውም። አንዱ ከቁርአን ቤት፣ ሌላው ከየኔታ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ሦስት ጊዜ ሰምቶ ይወጣዋል። ችግሩ ያ ነው። በፍጥነት፣ እየተወዛወዘ፣ ትርጉሙን ሳይነካ ይጨርሰውና «ጨረስኩ» ይላል። አስተማሪውም ደስ ብሎት ያልፋል፤ በሁለት ወር ስምንት ጥቅስ ይዘዋል ተብሎ ይመዘገባል፣ ግን አንዳቸውም ጥቅሱን ከጠቡና ከእርቁ ጋር አያገናኙትም። ስለዚህ ቃሉ በቃል ከመያዙ በፊት ትርጉሙ ይነገር። ከባዱ ቃል በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ልጁ ከሚያውቀው ኑሮ ይገለጽ።

ምሳሌ ልስጥ። እውነተኛነት የሰው በጎ ጠባይ ሁሉ መሠረት እንደሆነ የሚናገር የአብዱል ባሃ ቃል አለ። «መሠረት» ለስድስት ዓመት ልጅ ባዶ ቃል ነው። ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቶ በተዳፋቱ ላይ የቆመውን ቤት ከሥር ማሳየት ነው፤ ድንጋዩን በእጃቸው ይንኩት። «ይህ ባይኖር ክረምት ላይ ቤቱ ምን ይሆን ነበር?» ሲባሉ «ጎርፉ ይወስደው ነበር» ይላሉ፤ ደሴ ላይ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ከዚያ ተመልሶ «ውሸት የሚናገር ልጅ ደግነቱስ በምን ላይ ይቆማል?» ይባል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ማጥናቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሁን። የመጨረሻው ሐረግ መጀመሪያ፣ ከዚያ ከሱ በፊት ያለው ተጨምሮ፣ እንዲያ እያለ እስከ መጀመሪያው። ከፊት ሲጀመር ልጆች መነሻውን ጮክ ብለው መጨረሻውን ያጉመተምታሉ፤ ከኋላ ሲሆን ወደሚያውቁት እየሄዱ ስለሆነ ድምፃቸው እየጠነከረ ይጨርሳል። ማንበብ ለሚችሉት ጥቅሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በየዙሩ አንድ ቃል ማጥፋት ይሠራል። ዓይን አፋር ልጅ ብቻውን ተነስቶ እንዲል አይገደድ፤ ከጓደኛው ጋር ሆኖ፣ ወይም በጆሮ በሹክሹክታ ለአስተማሪው ይበል። አንድ ትምህርት ሁለት ቅዳሜ ቢወስድ ችግር የለውም። ከረሜላ ለሸመደደ መስጠት ግን በአንድ ወር ውስጥ ጥቅሱን የከረሜላ ዋጋ ያደርገዋል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ብሎ ማውጣትም እንዲሁ።

ታሪኩ ከመጽሐፍ አይነበብ፤ ተጠንቶ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይነገር። ልጆች ከሚወዷቸው አንዱ የካባው ታሪክ ነው። ለአብዱል ባሃ ውድ ካባ ሊሰፋላቸው ሲል በዚያው ዋጋ አምስት ርካሽ ካባ እንዲሆን አድርገው፣ አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው አራቱን ለሌሎች ሰጡ። አምስት ነጠላ አጥፎ ፊታቸው ማስቀመጥና ልጆቹን እንዲያድሉ ማድረግ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። «ስለዚህ ልጆች…» ብሎ መጨረስ ግን ታሪኩን ይገድለዋል። በምትኩ ይጠየቁ፦ ለማን የሰጧቸው ይመስላችኋል? አንዱ ውድ ካባ ቢቀር ማን ይበርደው ነበር?

የሚጠበቅ ጥያቄ አለ፦ «አብዱል ባሃ ለምን ታሰሩ?» አብዱል ባሃ እ.ኤ.አ. በ1853 ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ከባሃኡላህ ጋር ከቴህራን ወደ ባግዳድ ተሰደዱ፤ ኋላም ዛሬ እስራኤል ውስጥ ባለችው በአካ ከተማ እስረኛ ሆነው እስከ 1908 ድረስ ነፃ አልወጡም። መልሱ ቀጥተኛ ይሁን፦ በአባታቸው እምነት ምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ሕፃን አዝሎ ተሰዷል። ስለዚህ «ስደት» የሚለው ቃል ለአንዳንዱ ልጅ የቤቱ ወሬ ነው። ሊያወራ ከፈለገ ይሰማ፣ ካልፈለገ አይጠየቅ። ፊኛ ማፈንዳት ያለበት ጨዋታም ይቅር፤ ድንገተኛ ጩኸት እስካሁን የሚያስበረግጋቸው አሉ።

ጨዋታው ማንንም የማያስወጣ ይሁን። መሐረቤን ያያችሁ ሁሉም ስለሚያውቀው ይጠቅማል፤ የተያዘው ልጅ ግን እንዳይሳቅበት መሐል ገብቶ የሳምንቱን ጥቅስ ከሁሉም ጋር ይበል። የማዳበሪያው ጨዋታ ደግሞ ትብብርን ያለ ስብከት ያስተምራል፦ ስድስት ልጅ በአንድ የኩንታል ማዳበሪያ ላይ ይቆማል፣ በየዙሩ ማዳበሪያው ለሁለት ይታጠፋል፣ ማንም መሬት እንዳይነካ ይደጋገፋሉ። በሦስተኛው እጥፋት ትልልቆቹ ትንንሾቹን ማዘል ይጀምራሉ። የደሴ ግቢ ተዳፋት ስለሆነ የፕላስቲክ ኳስ አይሆንም፤ አንዴ ካመለጠ አስፋልት ላይ ነው የሚገኘው፣ ልጁም ተከትሎት ይሮጣል። ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ አይንከባለልም።

ሲበላሽ

ልጆቹ ልምጭ የሚጠብቁ ናቸው። ዱላ የሌለበት ክፍል ሲያገኙ እስከ የት እንደሚፈቀድ ይፈትናሉ፤ ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ያልፋልም። በዚያ ጊዜ መቆንጠጥ ወይም ማንበርከክ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። የሚረብሸው ልጅ አጠገብ ሄዶ መቀመጥ፣ ስሙን ቀስ ብሎ መጥራት፣ ከለር እንዲያድል ማድረግ ይበቃል። ከዚህ የሚከብደው ልጆች እርስ በርስ መካሰስ ሲጀምሩ ነው። ስለ እውነተኛነት በተማሩ ቀን «እሷ ትናንት ዋሽታለች» ይላል አንዱ። ሐሜት በባሃኢ ትምህርት አጥብቆ የተነቀፈ ነው፤ ኃጢአትን ለሰው መናዘዝም የለም። ስለዚህ ሕጉ ሁለት ነው፦ የሌላውን ጥፋት አንናገርም፤ የራሳችንንም በሰው ፊት እንድንናገር አንጠየቅም። በሌላው ላይ ያየነውን በጎ ነገር ግን እንናገራለን።

ሴቶቹ ልጆች ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው መቅረት ይጀምራሉ፤ ውኃ፣ ሕፃን መጠበቅ፣ ቡና ማፍላት። ባሃኡላህ ወንድንም ሴትንም ማስተማር የወላጅ ግዴታ አድርገዋል፤ አቅም ካነሰም ቅድሚያው ለሴት ልጅ ነው። ለእናት ግን ይህን እንደ ስብከት መንገር አይረዳም። «እትዬ፣ በየትኛው ሰዓት ብትመጣ ይቀላል? ሕፃኑንም ይዛ ትምጣ» ይባል። ለሕፃናቱ በማዕዘን ላይ ጋቢ ይነጠፍ፣ ባዶ ጣሳና ማንኪያ ይሰጣቸው፣ 13 ወይም 14 ዓመት የሞላት ታዳጊ ትያዛቸው። ይህች ታዳጊ ከሁለት ዓመት በኋላ የምታስተምረው ናት።

ሁለት አስተማሪ ሁልጊዜ ይኑር። አንደኛው ምክንያት የልጆች ደኅንነት ነው፦ በሩ ክፍት፣ አንድ ጎልማሳ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቆይም፣ የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ቴሌግራም ላይ አይወጣም፣ አስፋልት የሚሻገር ልጅ ያለ አድራሽ አይለቀቅም። ሁለተኛው፣ ወጣት እዚህ አገር ይሄዳል። አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ዐረብ አገር ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። ብቻውን የያዘው ክፍል አብሮት ይሄዳል።

ስኬቱ በልጅ ብዛት አይለካም። ሃያ መጥተው ሃያዎቹም መምጣት ያቆሙበት ክፍል ከስድስት ልጅ ክፍል ያንሳል። መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ እናት ሳትጠራ ሁለተኛ ልጇን ይዛ መጣች? ልጁ ማታ ጸሎቱን ይላል? ሁለት የተጣሉ ልጆች አስተማሪ ሳይገባ ታረቁ? በየሦስት ወሩ ወላጆች በቡና ይጠሩ፤ ልጆቹ ጥቅስና ዜማ ያሰሙ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ከ40 ደቂቃ አይለፍ፣ ከዚያ ቡናው ይቀጥል። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልጆቹን እንዲመርቅ ይለመን። ወሎ ቡና ያለ ዱዓና ያለ ምርቃት አያልቅም፤ ሐጂ ወይም አባ መርቀው የወጡበትን ክፍል ሰፈሩ የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

መዝገቡ በየሳምንቱ ይጻፍ፤ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ የማይስማማው ምግብ፣ የጀመረውና የጨረሰው ጥቅስ፣ ቤቱ የተጎበኘበት ቀን። ከያንዳንዱ ልጅ ስም ጎን ደግሞ አንድ መስመር፦ ምን ያስደስተዋል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ከማን አጠገብ ሲቀመጥ ይረጋጋል። አዲስ አስተማሪ ሲተካ መዝገቡን ተቀብሎ ብቻ አይጀምርም። የቀድሞው አስተማሪ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ አብረው የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ይዞራሉ፤ በሳምንት ሁለት ቤት፣ ለአሥር ልጅ አምስት ሳምንት። ስለዚህ መሄዱን ያወቀ አስተማሪ ከአምስት ሳምንት በፊት ይናገር።